ከሦስተኛው ወንበር

መርማሪው አንኳኳ፣ ጫማውን ጠረገ፣
ጨዋ ነው፣ አልክድም፣ ቁጭ ሊል ፈለገ።
«ሚስ ቬርዴል፣ ሐሙስ ማታ መስኮትዎ ክፍት ነበር፣
ያዩትን ይንገሩኝ፣ ከእኔ አይወጣም ምስጢር።»
«ተኝቼ ነበረ» አልኩት፣ ዓይኔን ሳልሰብር።
አውቆ የተኛን ሰው ማን ይቀሰቅሰዋል?
እሱም ያውቀዋል፤
ካርዱን ከስኳሩ ጎን አኑሮ ሄዷል።

ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ፣
ቢጫውን፣ የተማሪ፤ የምዕራብ ባልቲሞርን ልጅ አመላልሻለሁ።
ፊቴ ወደ መንገድ ነው፤ ከራሴ በላይ ግን መስታወት ነበረኝ፣
ማን ምሳ እንደሌለው፣ ማን ሲያለቅስ እንዳደረ እሱ ነው የሚነግረኝ።
ማርኬል አራተኛው ላይ፣ የጫማው ማሰሪያ ዘወትር የተፈታ፤
ያኛው ሦስተኛው ላይ (ስሙን አልጠራውም)
የሰው ውሻ ሲቆጥር በመስኮት፣ ጠዋትና ማታ።
ማሞቂያው የተበላሸ ክረምት፣ አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት ተካፍለው፣
ባዶ እጃቸውን በየኪሳቸው ሸሽገው
ሲሄዱ አይቻለሁ።

ሐሙስ ማታ ደግሞ
ያው ጓንት የሌለው እጅ ከመብራቱ ሥር ሲዘረጋ አየሁት።
ሦስት ጊዜ ጮኸ።
መጋረጃውን ለቀቅኩት።

«ለምን ዝም ይላሉ?» ይላል ከሩቅ ያለ፣
የበሩ አምፖል በርቶ በሰላም የዋለ።
ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ግድግዳ አፍም አለው፣
በቀይ ቀለም «አሳባቂ» ብሎ ይጽፋል፣
ከነቤት ቁጥሩ።

ኧርነስቲን ተናግራ ነበር። እጇን አንስታ፣ ምላ።
ስሟ ከፍርድ ቤት ወረቀት ወጥቶ ጥግ ለጥግ ዞረ፤
በሳምንቱ በሯ ላይ ቤንዚን ነደደ፣
«እንጠብቅሻለን» ካላት አንድም አልነበረ።
ዛሬ የት ከተማ እንዳለች የሚያውቅ የለም።

የእህቴ ልጅ ሩፎስ አእምሮው ሲታወክ
የደወልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጣቴ።
«እርዱኝ» ነው ያልኩት።
መጡ፣ አራት ሆነው።
ሩፎስ ማንኪያ ይዞ ነበር። የሾርባ ማንኪያ።
አሁን በግራው ነው የሚበላው፣
ቀኙ አይታዘዘውም።

እና እሑድ ከሰዓት ኦኔዳ መጣች፣ የማርኬል እናት።
እምነበረዱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት ጊዜ ያጠብኩት ላይ።
«ፖሊስ አይደለሁም» አለች።
«ስሙንም አልጠይቅሽ፣ አውቀዋለሁ፣
በልጄ ፒጃማ ቤቴ ያድር ነበር፣ እንቁላል ጠብሼለታለሁ።
አንድ ነገር ብቻ፤
ወዲያው ነው? ወይስ ተጣራ?»

ያን ጊዜ ነቃሁ።
ነገርኳት። እንደተጣራ፣ ግን እሷን እንዳልነበረ፤
ያንኑ ልጅ፣ በቤት ስሙ፣
እንደ አውቶብሱ በር «ቆየኝ እንጂ!» ብሎ፣
ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ።

አልጮኸችም።
እጇን ወደ ጫማዬ ሰደደች፣ ያልተፈታውን ማሰሪያ ፈታች፣
እንደገና አሰረችው፣ አጥብቃ፣ ለሕፃን እንደሚታሰር።
«ንገሪያቸው» አላለችኝም።
«አትንገሪያቸው» አላለችኝም።
የፖሊስ መኪና ቀስ እያለ አለፈ፤
ሁለት ምስክሮች ባንድ ደረጃ ላይ እጃችንን አላነሳን፤
ከማዶ የዚያኛው እናት መጋረጃዋን ሳበች።

ካርዱ ከሽርጤ ኪስ ጋር ታጠበ፣
ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ከፎጣው ላይ ተለቀመ።
ተገላገልኩ አልኩ።
ግን ሌሊት ሞተሩ ይነሳል፣ መስታወቱን አያለሁ፤
አራተኛው ባዶ ነው፣
ሦስተኛው ባንድ ጓንት ተቀምጦ ያየኛል።
የስንቱን ልጅ አድራሻ ሳልጽፍ የያዝኩ ሴት ነኝ፣
ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።